ሞተሩ እምቢ አለው ወይስ እሱ?

ስለ ጓደኛዬ የአውሮፕላን አደጋ በኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ መነሻ ጽሑፉን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ከሥሩ የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው እጠራቸዋለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ነበር፤ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካለች ጠባብ ካፌ ቁጭ ብዬ። ባለጉዳዩ ጓደኛዬ ፊት ለፊቴ ማኪያቶውን ያማስላል። እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስሙን እንዳልጠራ ብቻ ነው ያስማለኝ።

ታሪኩ አጭር ነው። ጓደኛዬ ማብረር የተማረው ውጭ አገር፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ባለች ከተማ ነው። ፈቃዱን ባገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ኬንያ ደጋማ አገር ሄደና አንዲት ባለ አራት መቀመጫ ሴስና 172 ተከራየ። አክስቱንና የአክስቱን ልጅ ጫነ። ሽርሽሩ ደስ ብሎ አለቀ። ሲያርፍ ግን አውሮፕላኗ ነጠረች። ደግማ ነጠረች። በሦስተኛው በአፍንጫዋ ወረደች፤ የፊት ጎማዋ ታጠፈ፤ ፕሮፔለሩ አስፋልቱን ጫረ። ሦስቱም በእግራቸው ወጡ። ከሳምንታት በኋላ የመጣው የምርመራ ወረቀት ግን ነገሩን በሁለት ቃል ዘጋው፦ የአብራሪ ስህተት።

እሱ ለእኔ የነገረኝ ሌላ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስትነጥር ማረፉን ትቶ እንደገና ለመነሳት ነዳጅ ሰጥቷት ነበር። ሞተሩ አስሎ አስሎ እምቢ አለው። እኔም ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ስለ አውሮፕላን የማውቀው በመስኮት በኩል መቀመጥን ብቻ ቢሆንም ጻፍኩ። ሞተር እምቢ ባለበት ዕለት አብራሪው ምን እንዲያደርግ ነው የሚፈለገው ብዬ ጠየቅኩ። ጥያቄ መሰለ እንጂ ክስ ነበር።

መልስ 1 ጨዋ ሰው ነው። ነፍስ በመትረፉ አመሰገነ፤ ብረት እንደሚተካ አስታወሰ፤ ለአክስቲቱ እግዜር ይማርሽ ልኮ ሄደ። አልተመለሰም።

መልስ 2 በአንድ አፍታ ክሩን፣ ማለትም የመልሶቹን ሰንሰለት፣ አሞቀው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስቶ ከ6 ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀውን አውሮፕላን አነሳ። 157 ሰው። ገና አስከሬን ሳይለቀም ባሕር ማዶ ጣታቸውን ወደ ልጆቻችን የቀሰሩ እንደነበሩ፣ በኋላ ግን በተበላሸ ጠቋሚ ተታሎ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፍቅ ሥርዓት እንደተገኘ ጻፈ። ከዚያ በፊት 5 ወር እንኳ ሳይሞላ በኢንዶኔዥያ 189 ሰው በዚያው ምክንያት አልቋል። ስለዚህ የአብራሪ ስህተት የሚባል ነገር ሲሰማ ጆሮው እንደሚዘጋ ነገረን። ሰው ሁሉ ደገፈው። እኔም።

መልስ 3 ሐዘኑን ተጋርቶ ንጽጽሩን ግን አልተቀበለም። የዚያ አውሮፕላን አብራሪዎች ከማያዩት ኮምፒውተር ጋር ሲታገሉ ነበር። ሴስና 172 ግን ክንፏና ጅራቷ በሽቦ ገመድ የሚሳቡ ናት፤ ከአብራሪው ተደብቆ አፍንጫዋን የሚደፍቅባት ሥርዓት የላትም። ቀጥሎ ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት ተነስቶ ባሕር ውስጥ የገባውን፣ 90 ሰው የሞተበትን በረራ አነሳ። የሊባኖስ መርማሪዎች በአብራሪዎቹ ላይ ፈረዱ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አልተቀበለም። ሊል የፈለገው ቃሉ ሁሌ ሐሰት እንዳልሆነ፣ ሁሌም እውነት እንዳልሆነ ነው። እኔ ያኔ ሚዛናዊነቱ አናደደኝ። መልስ 4 የዚያው የመልስ 2 ባለቤት ነበር፤ ሰውየውን የፈረንጅ ጠበቃ አድርጎት አረፈ።

መጀመሪያ ጥያቄ የጠየቀው መልስ 5 ነው። አራት ነገር ፈለገ፦ የማረፊያው ከፍታ፣ የዕለቱ ሙቀት፣ የማኮብኮቢያው ርዝመት፣ ሲገባ የነበረው ፍጥነት። ስልኬን ገልብጬ ለጓደኛዬ አሳየሁት። አላመነታም። ከፍታው ወደ 6 ሺህ ጫማ፣ ሙቀቱ 27 ዲግሪ፣ ማኮብኮቢያው 1200 ሜትር። ፍጥነቱ በፍጥነት መለኪያ መሣሪያው ላይ 75 ኖት። የተማረው በ65 መግባት ነበር፤ አሥሯን ሰው ስለጫነ ለጥንቃቄ ጨምሮ ነው።

ይህች አሥር ኖት ናት ነገሩን ያበላሸችብኝ። መልስ 6 ኖት ምን እንደሆነ ስላላወቀ ጠየቀ። መልስ 7 አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር መሆኑን ነግሮት ዝም ቢል ጥሩ ነበር። አላለም። አስተማሪ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ከፍታና በዚያ ሙቀት አየሩ 9 ሺህ ጫማ ላይ እንዳለ አየር እንደሚሳሳ አሰላ። በሳሳ አየር ውስጥ መሣሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ የጓደኛዬ 75 በእውነቱ 86 ኖት ገደማ ነው፤ በሰዓት 159 ኪሎ ሜትር። ባሕር ጠረፍ ላይ የለመደው ደግሞ 120 ነበር። ጉልበት ከፍጥነት ጋር ሳይሆን ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ አውሮፕላኗ መሬት ላይ መጣል ያለባት ጉልበት ከለመደው በ75 በመቶ ገደማ በልጧል። ካልኩሌተር አወጣሁ። ልክ ነው።

መልስ 8 የዓይንን ነገር አመጣ። ደጋ ላይ ስትወርድ መሬቱ ከለመድከው ፈጥኖ ይሮጥብሃል። አንዳንዱ ይፈራና ያለ ልክ ይዘገያል፤ ክንፉ አየር መያዝ ያቅተውና ይወድቃል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ጓደኛዬ መጀመሪያውኑ ጨምሮ ይመጣና አውሮፕላኗ አልወርድም ብላ ማኮብኮቢያው ላይ ትንሳፈፋለች። መድኃኒቱ ዓይንን ሳይሆን መሣሪያውን ማመን ነው፤ ክንፉ ደጋም ሆነ ቆላ የሚከዳው በዚያው መሣሪያው በሚያሳየው ቁጥር ላይ ነውና። ቦሌን አስታወሰን። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ማኮብኮቢያው ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚበልጠው ለጌጥ አይደለም። 22 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ ማለትም ለእኛ ደስ በሚለን ቀን፣ የቦሌ አየር ከ10 ሺህ ጫማ በላይ እንዳለ አየር ይቀጥናል። ሞተርም እንደ እንጦጦ ሯጭ መሆኑን ጨመረ። የሚተነፍሰው ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በየሺህ ጫማው 3 በመቶ ገደማ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያኔ አልፌያት ነበር።

መልስ 9 የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሰው ጭኖ ሲወርድ ያለውን ጻፈ። ከላይ ያልቀነሰ ሹፌር ታች ሲደርስ ፍሬኑን ቢረግጥ ትርፉ የፍሬን ሽታ ነው። ፊዚክስ ሳይጠራ መልስ 7 ያለውን ሁሉ አለው። በጣም ወደድኩት።

ከዚያ ጠፋን። መልስ 10 አውሮፕላን ብዬ መጻፌ ስህተት እንደሆነ፣ ትክክሉ አይሮፕላን እንደሆነ አስተማረኝ። መልስ 11 ቃሉ በፈረንሳይኛ ወይም በጣሊያንኛ በኩል ስለገባ ሁለቱም የእኛ እንዳልሆነ ጻፈ። መልስ 12 አየር ከሚለው ስለሚመሳሰል አየሮፕላን ይሻላል ባይ ነው። መልስ 13 እና 14 ስለ ሦስቱም ተሰዳደቡ። ሰው ተከስክሶ እኛ ስለ ፊደል! ግን ሁሉንም አንብቤአለሁ፤ መዋሸት አልፈልግም።

መልስ 15 ጸጥ አደረጉን። ስማቸውን ባናውቅም ጋሼ እንላቸዋለን። ልደታ ነው ያደጉት። ቦሌ በ1950ዎቹ ሳይሠራ በፊት የከተማው አየር ማረፊያ ልደታ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ዳኮታ የሚባሉት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ሲወርዱ ለማየት ይሮጡ እንደነበር፣ የሚያርፈውን አብራሪ እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ነጥብ ይሰጡት እንደነበር ጻፉ። ጎማው ሳይጮህ ያረፈ ይጨበጨብለታል። የነጠረ ይፎገራል። ጄት ሲመጣ ሜዳው አጠረና ነገሩ ወደ ቦሌ ሄደ። አሁን ኦልድ ኤርፖርት ማለት ቪላ ቤት የሚመስለው ልጅ መብዛቱ ያሳዝናቸዋል። ፉገራውን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

መልስ 16 የጋሼን ታሪክ ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። አገሪቱ የገዛችው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴ 25፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሁበርት ጁሊያን የተባለ፣ ራሱን የሃርለም ጥቁር ንስር የሚል አብራሪ ከአሜሪካ መጣ። ለዘውድ በዓሉ ልምምድ ሲደረግ የንጉሡን ጂፕሲ ሞዝ፣ እንደ ጓደኛዬ ሴስና ያለች ቀላል አውሮፕላን፣ ይዞ ተነሳና ከሰከሳት። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውዱ ሲደፋ እሱ አልነበረም፤ ከአገር እንዲወጣ ተደርጓል። መልስ 16 የሚለው፣ ጁሊያንም ያኔ አውሮፕላኗ ላይ ተንኮል ተሠርቶብኝ ነው ብሎ ተሟግቷል። ከጓደኛዬ ነገር ጋር አላያያዘውም። እኔ ግን ጎኔን የወጋኝ መሰለኝ።

መልስ 17 ጁሊያን ሲነሳ ጆን ሮቢንሰን መረሳት እንደሌለበት አሳሰበ። እሱም ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አየር ኃይላችንን መርቷል፤ 1946 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሞቶ እዚሁ ተቀበረ። ሁለቱ ሰዎች 1927 ዓ.ም. በቡጢ መቧቀሳቸውን ሲጨምር ክሩ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

መልስ 18 አልሳቀም። የታሪክ ክፍለ ጊዜ አልቋል፣ ወደ ነገራችን ግቡ አለን፤ ትንሽ ተቆጥቶ።

መልስ 19 ገባ። መንጠርን በደንብ ያስረዳ እሱ ነው። አውሮፕላን ፈጥና መሬት ስትነካ ክንፏ ገና መብረር ይችላል፤ ስለዚህ ትነሳለች። አብራሪው ይደነግጥና ወደ መሬት ሊያስገባት አፍንጫዋን ይገፋል። እጁ ከእርሷ አንድ እርምጃ ይዘገያል። ሲገፋ እርሷ ራሷ እየወረደች ነው፤ ሲስብ ራሷ እየወጣች ነው። እያንዳንዱ ንጥሪያ ከፊተኛው ይብሳል፤ ብዙ ጊዜ የፊት ጎማ የሚሰበረው በሦስተኛው ነው። ሦስተኛው ላይ ስላለው መጨቃጨቅ ከንቱ እንደሆነ፣ መጠየቅ ያለበት አንደኛው ላይ ምን እንደተደረገ መሆኑን ጻፈ። መጀመሪያ ስትነጥር አፍንጫዋን ባለችበት ይዞ፣ ነዳጅ ሰጥቶ፣ ማረፉን ትቶ መሄድ። አብራሪዎች ጎ አራውንድ ይሉታል። ዞሮ እንደገና መምጣት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

መልስ 20 ከሁሉ አጭሩ ነው። አንዲት ጥያቄ፦ ቀዩ እጀታ የት ነበር?

አልገባኝም። ስልኩን ለጓደኛዬ ሰጠሁት። አነበበ። መለሰልኝ። ማኪያቶው ቀዝቅዞ ሽፋን ይዟል። አስተናጋጇ መጥታ ሌላ ነገር ይጨመር እንደሆነ ጠየቀችው፤ አልሰማትም። ውጭ የለገሃር ታክሲ ረዳት ይጮሃል። ከቆይታ በኋላ በእጁ ጠረጴዛውን ወደ ፊት ገፋ፤ ዝም ብሎ፣ አንዴ። እስከ መጨረሻ ተገፍቶ ነበር ማለቱ ነው።

የገባኝ እሱ ካስረዳኝ በኋላ ነው። በዚያች አውሮፕላን ላይ ሁለት እጀታ አለ። ጥቁሩ ነዳጅ መስጫ ነው። ቀዩ ሚክስቸር ይባላል፤ ነዳጁ ከአየሩ ጋር በምን ምጣኔ እንደሚቀላቀል የሚወስነው እሱ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ከማረፍህ በፊት እስከ መጨረሻ ትገፋዋለህ፤ እንደ ጸሎት ያስደግሙሃል። ደጋ ላይ ግን አየሩ ስስ ነው፤ ቀዩን መልሰህ ሳብ ካላደረግከው ነዳጁ ይበዛበትና ሞተሩ ይታነቃል። እንግዲህ ጓደኛዬ በተማረው መሠረት ቀዩን ገፍቶ ገባ። ጥቁሩን ሲገፋ ሞተሩ አሳለ። እምቢ አላለውም። አንቆት ነው።

ይህንን ለክሩ ደብቄ ላልፍ አስቤ ነበር። ፈቀደልኝና ጻፍኩት።

ከዚያማ ዱላው ወረደ። መልስ 21 በሰው ነፍስ የሚጫወት የባለጸጋ ልጅ አደረገው (ባለጸጋ አይደለም፤ ፈቃዱን በዕዳ ነው ያወጣው)። መልስ 22 አክስቲቱ እንድትከስሰው መከረ። መልስ 23ን አወያዩ አጠፋው፤ አንብቤዋለሁ፣ መጥፋቱ ደግ ነው። መልስ 24 መልስ 2 ነበር፤ አሁን ጥፋቱን ያስተማሩት ሰዎች ላይ አዞረ። ደጋን የማያውቅ ትምህርት ሰጥተው ለምን ፈቃድ ሰጡት? ደግሞም አውሮፕላኗን ያከራየው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ አንድ ዙር ሳያበረው ለምን ቁልፍ አስረከበው? ንዴቱ እንዳለ ነው፤ ጥያቄው ግን ጥሩ ነበር።

መልስ 25 ይህንኑ በምሳሌ ሊያሳምረው ሞከረ። አደጋ ማለት የተደራረበ እንጀራ ነው፤ የሁሉም ዓይን በአንድ መስመር ሲገጥም ብርሃን ያልፋል። መልስ 26፣ ሴት ናት፣ እንጀራ ጋግሮ የማያውቅ ሰው እንደጻፈው አወቀችበት። የእንጀራ ዓይን ከላይ እንጂ ከታች አይበሳም፤ የተበሳ እንጀራ ካየ ምጣዱን ያስስ። መልስ 27 ወንፊት ቢባል እንደሚሻል ሐሳብ አቀረበ። ተስማማን። በዚህ ክር ሁላችንም የተስማማንበት ነገር ወንፊት ብቻ ነው።

መልስ 28 የበረራ አሰልጣኝ ነች። ቁጣዋ የቀዘቀዘ ዓይነት ነው። ዲያመንድ በሚባል አውሮፕላን ላይ እንደምታሰለጥን፣ የዲያመንዱ የናፍጣ ሞተር አንድ እጀታ ብቻ ስላለው ቀዩ የሚባል ነገር ከናካቴው እንደሌለ ገለጸች። ማሽን አንዱን ወጥመድ ሊያነሳልህ ይችላል። የማያነሳው አንድ ነገር ግን እሷ ከተማሪዎቿ ጋር በየቀኑ የምትታገለው ነው፤ ስሙም ይሉኝታ። ማረፍ ሲበላሽ ትቶ መነሳትን ተማሪው እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል። ኋላ የተቀመጠው ምን ይላል፣ አጥር ላይ የቆመው ምን ይላል፣ ማማው ውስጥ ያለው ምን ይላል። አንድ ቀን አለቃዋን ጭና ሁለት ጊዜ ትታ ተነስታለች፤ በሦስተኛው አረፈች። አለቃዋ ምንም አላላትም። እሷ ግን ሌሊቱን አልተኛችም። ለጋሼ ደግሞ በትሕትና፣ ግን ሳትለሳልስ፣ የነጠረውን አብራሪ መፎገራቸው ትክክል እንዳልነበረ ነገረቻቸው። አጥር ላይ የቆሙት ልጆች እናንተ ነበራችሁ አለቻቸው።

መልስ 29 ጋሼ ነበሩ። ልጅነት መሆኑን አምነው፣ አንድ ጊዜ የነጠረ አብራሪ ሊሄዱ ሲሉ ወደ አጥሩ ቀና ብሎ እንዳያቸው ጻፉ። ከዚያ በላይ አልቀጠሉም። መልስ 30 እናታችን ብርሃን ትስጥዎ ብሎ ባረካቸው። የምን እናት እንደሆነች አልታወቀም፤ ጋሼ ወንድ ናቸው።

መልስ 31 ጓደኛዬ ነው። በራሱ ስልክ፣ ከፊቴ ተቀምጦ፣ ሳይነግረኝ ጻፈው። እኔም እንደ ሌላው ሰው ስልኬ ሲንጫረር ነው ያየሁት። መጀመሪያ ስትነጥር ከፊቱ ከግማሽ በላይ ማኮብኮቢያ ባዶ ነበር። ትቶ መነሳት እንዳለበት አውቋል። እጁም ጥቁሩ እጀታ ላይ ነበር። በዚያች ቅጽበት ያሰበው ግን አክስቱን ነው። ሲነሱ ጀምራ በመስቀልዋ አማትባ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጎማው መሬት ሲነካ እልል ብላ ነበር። እልልታዋን ካሰማች በኋላ እንደገና ወደ ሰማይ ሊወስዳት አፈረ። ስለዚህ ገፋት። ቀዩ እጀታ ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር ነው፤ እውነት ነው፣ ግን ሲናገረው ስለቀለለው ነው ሞተሩን ያስቀደመው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁለት ቃል አልተቃወመም። አነሰው እንጂ በዛ አላለም።

ቀና ብዬ አየሁት። ሒሳብ ጠራ።

መልስ 32 መልስ 3 ነበር፤ ልጁን አመሰገነ። መልስ 33 መልስ 2 ነው። ትሁት ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም፤ አልሆነምም። ቢሾፍቱን አንድም ሰው እንዳይነካበት በድጋሚ አስጠነቀቀ። ከዚያ ግን ልጁ አሁንም ያበር እንደሆነ ጠየቀው። ጓደኛዬ በመልስ 34 ደጋ ላይ ከአሰልጣኝ ጋር እንደ አዲስ መጀመሩን ነገረው፤ የዕረፍት ጊዜው ሲያልቅ ይመለሳል። መልስ 35 ስለ አክስቲቱ ጠየቀ። ደህና ናት፤ ከኬንያ የተመለሰችው ግን በአውቶቡስ ነው፤ በሞያሌ በኩል። መንገዱ ሁለት ቀን ፈጅቶባት ወገቧን ታማለች፤ ለዚህም የምትወቅሰው እሱን ነው።

መልስ 36 አይሮፕላን ነው የሚባለው ብሎ ጻፈ። አሁን 51 ላይ ደርሰናል።